ስነካው ይተዋል

«ጋሼ፣ ስነካው እኮ ይተዋል።»

ይህን ያለችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። እዚህ ባሕር ዳር፣ ፖሊ ካምፓስ የማስተርስ ተማሪ ናት፤ ቴሲሷን እያገባደደች ነው። የላፕቶፗ ስክሪን ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ሰንበት ብሏል። ያየላት ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሰጥቷታል። ይቺን አጭር ነገር ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለምን ዝም እንዳለች ስጠይቃት «ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ።

ነገሩ አልፏል፤ ስክሪኑም ተረጋግቷል። ያቺ «ማን ጠየቀኝ» ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የምንጠቀም ሰዎች ስለ ስክሪን ችግር ስናወራ ወሬያችን ሁሉ ስለ ትእዛዝ ነው። ይህን ጻፍ፣ ያን ጫን፣ ያንኛውን አጥፋ። «መቼ ነው እንዲህ የሚሆነው?» ብሎ የሚጀምር ሰው ጥቂት ነው። በግራፊክስ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ጥያቄ የሚበልጥ መሣሪያ ያለ አይመስለኝም። ይህን የምለው ያን ቀን ያየሁትን ይዤ ነው፤ ስለዚህ እሱን ላውራ።

## መብራት ነው፣ ፓነል ነው፣ ሊኑክስ ነው

ላፕቶፑ ስላሽ ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ነው፤ ግራፊክሱም እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ነው። ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ የጫንኩላት እኔ ነኝ። የምትሠራበት ኪውጂአይኤስ በነፃ የሚገኝ የካርታ ፕሮግራም ነው፤ ሊኑክስ ላይ ደግሞ እንደ ልብ ይሠራል።

ጥናቷ ስለ እምቦጭ ነው። ጣና ላይ አረሙ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነበር። እሷ የምትከታተለው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ በኩል እንዴት ሲሰፋና ሲጠብ እንደቆየ ነው። ሴንቲኔል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሚያነሷቸውን ምስሎች ታወርዳለች። የአንዱን ወር ከሌላው ታስተያያለች። ምስሎቹ ክፍያ የላቸውም። እያንዳንዷ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ትሸፍናለች። እምቦጩም፣ ደንገሉም፣ የዳር ሣሩም አረንጓዴ ነው። አንዱን ከሌላው ለመለየት ዓይንን አንድ ቦታ ተክሎ መቆየት ይጠይቃል። ስክሪኑ የሚያስቸግራትም ልክ ያን ጊዜ ነበር። ማታ ማታ ራሷን ያማት ጀመር። የቴሲስ ማስረከቢያ ደርሶበት ስክሪን የሚንቀጠቀጥበት ሰው ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል።

እናቷ «መብራቱ ነው» አሉ። አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል፤ ሰፈራችን ሽምብጥ ውስጥ ማታ መብራቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ግን ይህን ማጣራት ቀላል ነው። ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ ብቻ መሥራት ነው። ነቅላ ሞከረች፤ ያው ነው። ስለዚህ መብራቱ ነፃ ወጣ።

አንድ ጥገና ቤት ደግሞ ምስሉ የሚታይበትን የስክሪኑን ክፍል «ፓነሉ ሞቷል፣ ይቀየር» አላት። ማስረጃውም በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ነበር። ቪዲዮው ላይ ስክሪኑን የሚያቋርጡ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። ይህ ብዙ ሰው የሚያሳስት ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ብዙ ስክሪኖች ብርሃናቸውን የሚቀንሱት ከኋላ ያለውን መብራት በጣም በፍጥነት እያበሩና እያጠፉ ነው። ዓይናችን አይለየውም፤ የስልክ ካሜራ ግን ይይዘዋል። ጤነኛ ስክሪንም ብርሃኑ ዝቅ ብሎ በስልክ ከተቀረጸ መስመር ሊያሳይ ይችላል። በስልክ ቪዲዮ ብቻ ፓነል አይፈረድበትም። የተጠየቀችው ብር ደግሞ ለቴሲስ ማሳተሚያና ማስጠረዣ የያዘችው ነበር።

የክፍል ጓደኛዋ «ሊኑክስ ስለሆነ ነው፣ ዊንዶውስ ጫኚበት» አላት። ሌላው ጓደኛዋ ከኢንተርኔት ያገኘውን ረጅም ትእዛዝ በቴሌግራም ላከላት። ትእዛዙ የኤንቪዲያ ድራይቨር፣ ማለትም የኤንቪዲያን ግራፊክስ ቺፕ የሚያዘውን ፕሮግራም፣ የሚጭን ነው። ላፕቶፑ ላይ የኤንቪዲያ ቺፕ የለም! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ደግነቱ አልነካችውም።

እነዚህን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም። ሁሉም የሚያውቀውን ነው የተናገረው። ፓነል ይሞታል። በክዳኑ ማጠፊያ በኩል የሚያልፈው ገመድ ይላላል። መብራትም ዕቃ ያበላሻል። የጎደለው ሌላ ነው። ከቀን እስከ ማታ ስክሪኑ ፊት የምትቀመጠው እሷ ሆና ሳለ፣ ያየችውን የጠየቃት የለም።

## እጇን ያነሳች ጊዜ

ከሰዓት በኋላ ነው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠናል። «ሁልጊዜ እንደምትሠሪው ሥሪ፣ እኔን እርሺኝ» አልኳት። ካርታውን ወደ ሰሜን ጎተተችው። አጎላችው፣ አሳነሰችው። አንዱን ምስል አጥፍታ ሌላውን አበራች። ስክሪኑ እንደ መስታወት ጸጥ ብሏል። እንዲያውም «ዛሬ ምን ነካው?» ብላ አፈረች፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ሕመሙ የሚጠፋ ነው የመሰላት።

ከዚያ ፎገራ ዳርቻ ላይ ያለች አንዲት አረንጓዴ ጥፍጣፊ ልታሳየኝ እጇን ከታችፓዱ አነሳች። ጣቷን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች። ትንሽ ቆየ። ድንገት ስክሪኑ በሙሉ ብልጭ አለ። ብርሃኑ ከፍ ብሎ ተመለሰ። ከታች በኩል ቀጭን ሰንበር ተንቀጠቀጠ። ደግሞ ብልጭ አለ። እጇን መልሳ ታችፓዱ ላይ አሳረፈች፤ ሁሉም ጸጥ። ያቺን ቃል የተናገረችው ይሄኔ ነው። «አዩት? ስነካው እኮ ይተዋል።»

ደጋግማ እንድታሳየኝ ለመንኳት። እጅ ሲነሳ ይመጣል፣ እጅ ሲመለስ ይሄዳል። ቪዲዮ ከፈትን፤ ሙሉ ስክሪን አድርገን እጃችንን ሰብስበን አየን። አንዴም አልተርገበገበም። ከዚያ ባዶ የጽሑፍ ገጽ ከፈትን። ምንም አልጻፍንም፤ ያቺ የምትበራና የምትጠፋ የጽሑፍ መስመር ብቻ አለች። እሷ ብልጭ ባለች ቁጥር ስክሪኑም አብሯት ይደነግጣል።

እዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠልኝ። እስኪ አብረን እናስበው። የሞተ ፓነል ማውስ ተንቀሳቀሰ አልተንቀሳቀሰ ምን ያውቃል? የላላ ገመድ ክዳኑ ሲነቃነቅ ነው የሚያስቸግረው። ክዳኑን ወደፊትም ወደኋላም አልኩት፤ ምንም ለውጥ የለም። መብራት ሲወዛወዝ ቪዲዮ አይመርጥም። ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል መለወጡንና አለመለወጡን የሚያውቅ አንድ አካል ብቻ ነው፤ እሱም ድራይቨሩና የሚያዘው ቺፕ። ችግሩ ምስሉ በተቀያየረ ጊዜ ሳይሆን ዝም ባለ ጊዜ የሚመጣ ከሆነ፣ ምስሉ ዝም ሲል የሚሠራ ሥራ አለ ማለት ነው። እሱን መፈለግ ነው።

ልቤ ቢያዘነብልም ሁለት ነገር አጣራሁ። መጀመሪያ የስክሪኑን ፎቶ በራሱ በኮምፒውተሩ አነሳሁ፤ ስክሪንሾት የምንለውን ማለቴ ነው። በሚርገበገብበት ሰዓት የተነሳው ምስል ንጹሕ ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ይናገራል። ስክሪንሾት የሚነሳው ከኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ውስጥ ነው፣ ከመስታወቱ ላይ አይደለም። እዚያ ንጹሕ ከሆነ ፕሮግራሙ በትክክል ሥሎታል። የተበላሸው ከዚያ ወዲህ፣ ምስሉ ወደ ፓነሉ ሲሻገር ነው። ስክሪንሾቱ ራሱ ቆሽሾ ቢሆን ኖሮ መንገዴ ሌላ ይሆን ነበር።

ቀጥሎ ሪስታርት አድርጌ፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚመጣው የግራብ ሜኑ ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ከፈትኩ። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል፣ ማለትም አዲስ የሊኑክስ እምብርት፣ ሲጭን የቀድሞውን ወዲያው አያጠፋውም፤ እዚያ ያስቀምጠዋል። በቀድሞው ከርነል አስነሳሁት። እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ስክሪኑ አልተነቃነቀም። በአዲሱ መልሼ አስነሳሁት፤ መርገብገቡ መጣ። ፓነሉ አንድ ነው፣ ገመዱ አንድ ነው፣ ከተማው አንድ ነው። የተለየው ከርነሉ ብቻ ነው። ልጅቷ ያን ጊዜ የተነፈሰችው እፎይታ ትዝ ይለኛል፤ የማስጠረዣው ብር ተረፈ።

## ምስሉ ዝም ሲል ምን ይሠራል?

ስክሪን የቆመ ምስል ስናይበት የቆመ ይመስለናል። አይደለም። አብዛኛው ላፕቶፕ ምንም ነገር ባይለወጥም በሰከንድ 60 ጊዜ ያንኑ ምስል ከቺፑ እየተቀበለ ያድሳል። ይህ ባትሪ ይበላል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ አንድ ዘዴ አመጡ። ስሙ ፓነል ሰልፍ ሪፍሬሽ ነው፤ ባጭሩ ፒኤስአር ይሉታል። ፓነሉ ላይ ትንሽ ሜሞሪ ተደርጎለታል። ምስሉ ካልተለወጠ ፓነሉ የመጨረሻውን ምስል ይዞ ራሱን በራሱ ያድሳል። ቺፑም፣ በመካከል ያለው መስመርም ያሸልባሉ።

የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። የኔታ አንዴ ካስቀጸሉ በኋላ ተማሪው በቃሉ ይደግማል፤ የኔታም ጋደም ይላሉ። አዲስ ቃል ሲመጣ ግን መንቃት አለባቸው። አስቸጋሪዋ ያቺ የመንቃትና የመተኛት ቅጽበት ናት። ማን መቼ እንደሚቀበል ካልተግባቡ ድምፁ ይሰበራል።

በእሷ ዓይነቱ የኢንቴል ግራፊክስ ላይ ይህን ቅብብል የሚያስተዳድረው አይ915 የሚባለው ድራይቨር ነው። እሱም ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል። ለዚህ ነው መርገብገቡን የከርነል አፕዴት ያመጣው። ፓነሎቹ ደግሞ ከተለያየ ፋብሪካ ነው የሚወጡት። አንድ ሞዴል ላፕቶፕ እንኳ አንዱ የዚህን፣ ሌላው የዚያን ፋብሪካ ፓነል ይዞ ሊሸጥ ይችላል። እያንዳንዱ ፓነል ለመንቃት የሚፈልገው ጊዜ አለው። ድራይቨሩ ያንን ጊዜ ከሳተው ስክሪኑ ብልጭ ይላል። «የእኔ ተመሳሳይ ሞዴል ነው፣ ምንም የለበትም» የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ የሚያወራው ግን ስለ ሌላ ፓነል ሊሆን ይችላል።

ከርነሉ ስለዚህ ነገር የሚጽፍበት ቦታም አለው። በአስተዳዳሪ መብት የዲበግ (የስሕተት ፍለጋ) ማኅደሩን ከፍቼ የፒኤስአርን ሁኔታ የሚያሳየውን ፋይል አነበብኩ። ሥራ ላይ ነው ይላል። የከርነሉን መዝገብም ዲሜሴጅ በሚባለው ትእዛዝ አየሁ። አንዳንድ ጊዜ በኢንቴል ማሽን ላይ «ፊፎ አንደርራን» የሚል ቀይ መስመር ይገኛል። ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያሻግረው ቧንቧ መረጃ ሳይደርስለት ባዶ ሆነ ማለት ነው። እዚህ እሱ አልነበረም። መዝገቡ ዝም ማለቱም አንድ መረጃ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ማሽን ግን ሁልጊዜ ሆን ብሎ አይደብቅም። ችግሩ የደረሰው ፓነሉ በኩል ከሆነ ከርነሉ ራሱ አያየውም። የሚያየው ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሙከራው። የምወደው እዚህ ላይ ያለው ጥንቃቄ ነው። ምንም ሳይጫን፣ ምንም ፋይል ሳይነካ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ መሞከር ይቻላል። ማሽኑ ሲነሳ የግራብ ሜኑን ማምጣት ነው፤ በአዲሶቹ ማሽኖች ኤስኬፕን፣ በአሮጌዎቹ ሺፍትን ተጭኖ። ኡቡንቱ የሚለው ላይ ሆኖ የ«ኢ» ቁልፍን መጫን። «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረውን መስመር መፈለግ። መጨረሻው ላይ «ክዋየት ስፕላሽ» ከሚለው ቀጥሎ ክፍት ቦታ ሰጥቶ «አይ915.ኢኔብል_ፒኤስአር=0» ብሎ በላቲን ፊደል መጨመር። ከዚያ ኮንትሮልን ከኤክስ ጋር መጫን። ካልሠራ ሪስታርት ሲደረግ የተጨመረው ራሱ ይጠፋል። የሚበላሽ ነገር የለም።

አስነሳነው። ያንኑ የፎገራ ምስል ከፈተች። እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ጠበቅን። ምንም የለም። ባዶውን የጽሑፍ ገጽ ከፈትን፤ ያቺ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ስክሪኑ ግን አብሯት አልደነገጠም። እናቷ ከኋላችን ቆመው ነበር። «ምን አደረግህለት?» አሉኝ። «እንቅልፍ ከለከልኩት» አልኳቸው። ነገሩም ይኸው ነው።

ቋሚ የሚሆነው ኢቲሲ ውስጥ ዲፎልት ከሚለው ማኅደር ያለው የግራብ ፋይል ላይ ያንኑ ቃል ጨምሮ «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» ሲባል ነው። ይህን ግን ያደረገችው ራሷ ናት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። እያንዳንዱን ቃል ለምን እንደምትጽፈው አውቃ ነው የጻፈችው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን አባባል የምወደው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ይህ ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ቺፑ ስለማያሸልብ ባትሪው ከበፊቱ ቀደም ብሎ ያልቃል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም።

## የስቱዲዮው ማሽን

ወሬው ወጣ። መሐል ከተማ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወጣት ያንኑ ቃል በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይዞ መጣ። «የእኔም ይርገበገባል፣ ይህን ልጻፍበት?» አለኝ። መቼ ነው የሚርገበገበው አልኩት። ትንሽ አሰበና የሰጠኝ መልስ እስካሁን ይገርመኛል። «አንዳንድ ፕሮግራም ላይ ብቻ ነው። ስጽፍ የጻፍኩት ፊደል ይጠፋና ደግሞ ይመጣል። ምስሉ ወደ ኋላ ይመለሳል።»

ይህ ሌላ በሽታ ነው። የእሱ ዴስክቶፕ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ኤንቪዲያ ነው። አይ915 የሚባለው ነገር እዚያ ካርድ ላይ ሥራ የለውም። አንድ መስኮት ውስጥ ብቻ የሚታይ፣ ምስሉን ወደ ኋላ የሚመልስ መርገብገብ ከፓነል ጋር አይገናኝም። የተሣለው ምስል ሳያልቅ ወይም ያለፈው ምስል በአዲሱ ቦታ እየወጣ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው። ሊኑክስ ላይ መስኮት ሲሥል የኖረው ኤክስ11 እ.ኤ.አ. በ1987 ከኤምአይቲ የወጣ ነው። እሱን ለመተካት ዌይላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ተጀመረ። ለኤክስ የተጻፉ ፕሮግራሞች ዌይላንድ ላይ እንዲሠሩ ኤክስዌይላንድ የሚባል ድልድይ አለ። በሌሎቹ ድራይቨሮች ላይ ማን ሥሎ እንደጨረሰ፣ መቼ ማሳየት እንደሚቻል ከርነሉ ውስጥ ውስጡን ያስተካክለው ነበር። የኤንቪዲያ ድራይቨር በዚያ መንገድ አይሄድም። ስለዚህ ዴስክቶፑ ገና ያላለቀ ምስል ያሳይ ነበር። «ጨርሻለሁ» ብሎ በግልጽ የሚያሳውቅ አሠራር፣ ኤክስፕሊሲት ሲንክ የሚባለው፣ ለዌይላንድ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ኤንቪዲያም በዚያው ዓመት በ555 ድራይቨሩ ተቀበለው።

ማጣሪያው የሚወስደው ደቂቃ ነው። መግቢያው ገጽ ላይ ስሙን ከመረጠ በኋላ ከታች ያለችውን ጥርስማ ምልክት ተጭኖ «ኡቡንቱ ኦን ኤክስኦርግ» የሚለውን፣ በዌይላንድ ፈንታ በኤክስ የሚያስገባውን፣ መረጠ። ገባ። ፊደሎቹ ቦታቸው ላይ ቆሙ። ስለዚህ መፍትሔው ወይ እዚያው መቆየት፣ ወይ ዴስክቶፑንም ድራይቨሩንም ይህን አሠራር ወደሚያውቁት ማሳደግ ነው። እሱ ማሳደጉን መረጠ። ጫነ፣ ሪስታርት አደረገ፣ ስክሪኑ ፊደሉ ሁሉ ገዝፎ ደብዝዞ ተነሳ።

ይህችኛዋ ወጥመድ ብዙ ሰው ስለምትይዝ ልንገራችሁ። ማሽኑ ሲነሳ ፊርማ የሚያጣራው ጥበቃ፣ ሴኪዩር ቡት፣ የበራ ከሆነ ከርነሉ ያልተፈረመበት ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚገጠም ቁራጭ ፕሮግራም) አያስገባም። ኡቡንቱ ለዚህ ሲባል በመጫን ጊዜ የይለፍ ቃል ያስመርጣል። ቀጥሎ ማሽኑ ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። እዚያ «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን መርጦ ያንን ቃል ማስገባት ያስፈልጋል። ገጹ ብዙ አይጠብቅም። ሰው ደንግጦ «ኮንቲኒው» ይላል። ድራይቨሩ ተጭኗል፣ ግን አይገባም። ልጁም እንደዚያ ነበር ያደረገው። መልሰን አስመዘገብነው፤ ሠራ።

ሌላም አለ። የኤንቪዲያ ሞጁል በዲኬኤምኤስ፣ ማለትም እዚያው ማሽኑ ላይ በሚገነባበት መንገድ፣ ከተጫነ ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር እንደገና መገንባት አለበት። ለዚህ የከርነሉ ሄደር ፋይሎች ያስፈልጋሉ። የሞባይል ዳታ ፓኬጅ መሐል ላይ ሲያልቅ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ አፕዴቱ ግማሽ ላይ ይቀራል። ከርነሉ ገብቶ ሄደሩ ካልገባ በማግስቱ ጥቁር ስክሪን ነው። እኛ ከተማ ውስጥ ስለ ግራፊክስ ሲወራ ይህ ተደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር ነው። መመሪያ የሚጽፉት ሰዎች ኢንተርኔቱ እንደማይቋረጥ አድርገው ነው የሚጽፉት። እዚህ ግን አፕዴት ከመጀመር በፊት የቀረውን ሜጋባይት ማየት የጥገናው አካል ነው።

በነገራችን ላይ በኤንቪዲያና በሊኑክስ መካከል ያለው ቅያሜ የቆየ ነው። ኩባንያው የድራይቨሩን ውስጠ ነገር ዘግቶ ስለያዘ ፈቃደኞች ካርዱን ከውጭ እያጠኑ ኑቮ የሚባል ድራይቨር ሠሩ። እሱም እ.ኤ.አ. በ2010 ከርነሉ ውስጥ ገባ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንድ ውስጥ አልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ኩባንያውን ከገጠሟቸው ሁሉ የከፋ ብሎ ተናገረው። ኤንቪዲያ የከርነል ሞጁሉን ኮድ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ያ ሁሉ ዓመት የባከነው የት ነው ካላችሁኝ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ማለት ባልተቻለበት ቦታ ነው። ኮዱ ሲዘጋ ጥያቄም ይዘጋል። ስክሪኑ የሚርገበገብበት ሰው ጥግ ድረስ ሄዶ ማየት አይችልም፤ የሚያይለትም ሰው አያገኝም። ነፃ ሶፍትዌርን የምወደው ዋጋ ስለሌለው ብቻ ያልሆነውም ለዚህ ነው።

## ሪፖርቱ

ከዚያ በኋላ ልጅቷን አንድ ነገር ለመንኳት። ያየሽውን ለሠሩት ሰዎች ጻፊላቸው አልኳት። የአይ915 ስሕተቶች የሚመዘገቡበት ገጽ ፍሪዴስክቶፕ የሚባለው የጊትላብ አገልግሎት ላይ ነው። ማንም ሰው አካውንት ከፍቶ መጻፍ ይችላል። እሷ ግን አመነታች። «እኔ የጂአይኤስ፣ የካርታ ሰው ነኝ፤ ስለ ከርነል ምን አውቄ እጽፋለሁ?» አለች።

እዚህ ላይ አጥብቄ ተከራከርኳት። ድራይቨሩን የሚጽፉት መሐንዲሶች የዓለምን ፓነል ሁሉ ጠረጴዛቸው ላይ ማኖር አይችሉም። የእሷን ፓነል ከዚያ ከርነል ጋር አገናኝቶ ያየ ሰው ምናልባት እሷ ብቻ ናት። እጅ ሲነሳ ይመጣል፣ ቪዲዮ ላይ አይመጣም፣ የጽሑፍ መስመሯን ተከትሎ ይደነግጣል፣ በቀድሞው ከርነል የለም፣ ፒኤስአር ሲጠፋ ይጠፋል። ይህ ከርነል የማያውቅ ሰው ወሬ አይደለም። ለእነሱ ወርቅ ነው።

ጻፈችው። የከርነሉን ቁጥር በ«ዩኔም» ትእዛዝ አወጣች። የላፕቶፑን ሞዴል አስገባች። ፓነሉ ራሱን የሚያስተዋውቅበትን ኢዲአይዲ የሚባለውን መረጃ አያያዘች። የዲበግ መልእክት ከፍታ መዝገቡን እንደገና ቀድታ ላከች። እንግሊዝኛዋ አጭርና ግልጽ ነበር፤ የሳተላይት ምስል የምታነብ ሰው የምታየውን ነገር በቅደም ተከተል መጻፍ ያውቅበታል። የመርገብገቡንም ቪዲዮ አያያዘች። በዚህኛው ቪዲዮ ላይ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋው ስለነበር የካሜራው መስመር አልገባበትም።

ምላሽ መጣላት። ገና ወደ ዋናው ያልገባ አዲስ የከርነል ሥሪት ላይ፣ ፒኤስአርን መልሳ አብርታ እንድትሞክር ነው የጠየቋት። ፋይሉ ትልቅ ነው። እሷ ደግሞ ዲፌንሷ ደርሷል፤ አሁን የሚሠራ ማሽን አትነካም፣ ትክክልም ናት። እኔ ሌሊት ኔትወርኩ ሲሻል አውርጄ ፍላሽ ላይ አስቀምጬላታለሁ። ዲፌንሱ እንዳለፈ ከቀድሞው ጎን እንጭነውና እጃችንን አንስተን እናያለን። መልሱን እዚያው ገጽ ላይ የምትጽፈው እሷ ናት።